ሜዝካል ልትገዙ ነው? የትኛውን፣ ለማን፣ ለየትኛው ድግስ?

የሜዝካል መደርደሪያ ፊት የቆመ ሰው ብዙ ጊዜ የሚመርጠው በጠርሙሱ ውበት፣ በዋጋው ወይም ከሥር በተጋደመው ትል ነው። ሦስቱም ስለ መጠጡ የሚነግሩን ጥቂት ነው። ጠርሙሱ ላይ በትንንሹ የተጻፉት አራት አምስት ቃላት ግን ብዙ ይናገራሉ። ችግሩ በስፓኒሽ መሆናቸው ነው። ሻጩም ሁልጊዜ ከገዢው የተሻለ አያውቅም።

እዚህ የምርት ስም አልጠራም። በአንዱ አገር ያለው ስም በሌላው አይገኝም፣ ባለቤቱም ይቀያየራል። መለኪያውን ከያዛችሁ ግን አሜሪካም ሁኑ ጀርመን፣ ወይም በሜክሲኮዋ ኦሃካ ከተማ ገበያ ውስጥ፣ ራሳችሁ ትመርጣላችሁ።

## ከመምረጥ በፊት

ሜዝካል ከአጋቬ የሚወጣ የሜክሲኮ አረቄ ነው። አጋቬ ለእኛም ባዕድ አይደለም። ቃጫ የሚወጣበት ሲሳል የዚሁ ወገን ነው። ቴኪላም የሜዝካል የቅርብ ዘመድ ነው። ቴኪላ ግን የሚሠራው ሰማያዊ አጋቬ ከሚባለው አንድ ዓይነት ብቻ ነው፤ ደንቡም እስከ 49 በመቶ የሚሆን ሌላ ስኳር እንዲገባበት ይፈቅዳል። ሜዝካል ከብዙ ዓይነት አጋቬ ይሠራል። አሁን ባለው ደንብ ደግሞ ስኳሩ በሙሉ ከአጋቬ መምጣት አለበት።

አገር ቤት ካቲካላ ሲወጣ ያየ ሰው ግማሹን ሥራ ያውቀዋል። ጥንስስ አለ፣ እሳት አለ፣ ጠብ ጠብ የሚል አረቄ አለ። የሚለየው ከጥንስሱ በፊት ያለው ነው። አጋቬው ሲደርስ ቅጠሉ በስለት ይመለመልና እምብርቱ ብቻ ይቀራል። ይህን እምብርት ፒኛ ይሉታል። አፉ ሰፊ፣ ታቹ ጠባብ የሆነ ጉድጓድ ይቆፈራል። እንጨት ይነድበታል፣ ድንጋይ ይግላል። ፒኛዎቹ በላዩ ይከመሩና በሰሌንና በአፈር ይዳፈናሉ። ሦስት፣ አራት፣ አንዳንዴም አምስት ቀን ቀስ ብለው ይበስላሉ። የሜዝካል ጭስ ጭስ ማለት የሚመጣው ከዚህ ጉድጓድ ነው፤ ማንም ጭስ አልጨመረበትም።

የበሰለው ፒኛ ታሆና በሚሉት ትልቅ ክብ ድንጋይ ይደቆሳል። ድንጋዩን ፈረስ ወይም በቅሎ ይጎትተዋል። ሌላ ቦታ ደግሞ በእንጨት መዶሻ ይወቀጣል። ከዚያ በእንጨት ገንዳ ከውሃ ጋር ይጠነሰሳል። እንደ ባህሉ ከሆነ እርሾ አይገዛም። አየሩና ገንዳው ላይ ያለው ይበቃዋል። ጥንስሱ ሲደርስ አረቄው ብዙውን ጊዜ ሁለቴ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚሠራበት ቦታ በኦሃካ ግዛት ፓሌንኬ፣ በዱራንጎና በሚቾአካን ግዛቶች ቪናታ ይባላል።

## በምን እንለካው?

አጋጣሚው። እኔ ይህን ከዋጋም በፊት አስቀምጠዋለሁ። ለብቻ ማታ ፉት የሚባል፣ ለሠላሳ እንግዳ የሚቀዳ፣ ለኮክቴል የሚደባለቅ እና ለስጦታ የሚሰጥ ሜዝካል አንድ አይደለም። ሜክሲኮዎቹም እንዲህ ነው የሚለዩት።

የአሠራሩ ደረጃ። ሜዝካል እ.ኤ.አ. በ1994 የትውልድ ቦታ ስያሜ ጥበቃ አገኘ። በዚህ ስም መሸጥ የሚቻለው ሕጉ በዘረዘራቸው የሜክሲኮ ግዛቶች የተሠራው ብቻ ነው። አብዛኛው የሚመጣው ከኦሃካ ነው። ኖም 070 የሚባለው የ2016 ደንብ ደግሞ ሦስት ደረጃ ለየ። "ሜዝካል" ብቻ የሚል ከሆነ ፋብሪካዊ አሠራር ተፈቅዶለታል፤ በትልልቅ የእንፋሎት ጋን ማብሰል፣ በማሽን መጭመቅ፣ በብረት ማማ ማውጣት ይቻላል። "አርቴሳናል" የሚል ከሆነ በጉድጓድ ወይም በግንብ ምድጃ በስሎ፣ በቀጥታ እሳት ላይ በመዳብ ወይም በሸክላ ወጥቷል። "አንሴስትራል" የሚለው ከሁሉ ጥብቁ ነው። ጉድጓድ ግዴታ ነው። መፍጫው የእጅ መዶሻ ወይም የድንጋይ ወፍጮ ነው። የሚወጣውም በሸክላ ማሰሮ፣ ከነገለባው ነው።

ተክሉ። ኤስፓዲን የሚባለው በእርሻ የሚተከል ነው፣ ከ6 እስከ 10 ዓመት ገደማ ይፈጅበታል። ቶባላ ከ10 ዓመት በላይ ይጠይቃል። ቴፔስታቴ የሚሉት ገደል ላይ የሚበቅለው ደግሞ 20 ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ ይችላል። ዋጋው የሚሰቀለው በአብዛኛው ከዚህ የተነሳ ነው።

የአልኮሉ መጠን። ደንቡ ከ35 እስከ 55 በመቶ ይፈቅዳል። ወደ 40 እና ከዚያ በታች የወረደ ብዙ ጊዜ ለውጭ ገበያ ተብሎ ውሃ የበዛበት ነው። በየመንደሩ ሰው ለራሱ የሚጠጣው ከ45 በላይ ነው። ባለሙያው ይህን የሚያውቀው በመሣሪያ ሳይሆን በዓይኑ ነው። አረቄውን በቀጭን ሸምበቆ ስቦ ወደ ቅል ያወርደዋል። አረፋው እንደ ዶቃ ተደርድሮ ትንሽ ከቆየ መጠኑ ደርሷል ማለት ነው።

ማን፣ የት? የባለሙያው ስም፣ የመንደሩ ስም፣ የተሠራበት ዙር ቁጥር ተጽፏል? ይህን የሚጽፍ ሰው የሚደብቀው ነገር የለውም። ጠርሙሱ ላይ የራስ ቅል ሥዕል ብቻ ካለ ተጠራጠሩ።

ቀለሙን መለኪያ ውስጥ አላስገባሁትም። ቢጫ ሜዝካል ከነጩ አይበልጥም፣ በርሜል ውስጥ ከርሟል ማለት ነው።

## አማራጮቹ

### ኤስፓዲን፣ አርቴሳናል፣ ሆቨን

ሆቨን ማለት በርሜል ያልነካው ነው። ለመጀመሪያ ጠርሙስ ከዚህ ሌላ አልመክርም። የበሰለ አጋቬ ጣፋጭነት፣ ፍራፍሬ፣ ለከት ያለው ጭስ ይሰጣል። የሜዝካል ዋና ከተማ ነኝ በምትለው በሳንቲያጎ ማታትላን አካባቢ ያለው ምርት በአብዛኛው ይኸው ነው። ደረቁንም ይጠጣል፣ ኮክቴልም ይሆናል። ሎሚና ብርቱካን አይከብደውም። ተክሉ እየተተከለ ስለሚተካ ኅሊናንም አይቆረቁርም። 45 በመቶ ገደማ ያለውን ፈልጉ።

ደካማ ጎኑ ስሙ የተለመደ መሆኑ ነው። መጠጥ እሰበስባለሁ ለሚል ወዳጅ ኤስፓዲን ብትወስዱለት ፊቱ ላይ ታነቡታላችሁ። እሱ ግን ተሳስቷል። ጥሩ እጅ የነካው ኤስፓዲን፣ በግዴለሽነት ከተሠራ ቶባላ ይሻላል።

### አንሴስትራል

በሸክላ የወጣ ሜዝካል አፈር አፈር፣ ለስለስ ያለ፣ አንዳንዴም ጨው ጨው የሚል ጣዕም አለው። ሳንታ ካታሪና ሚናስና ሶላ ደ ቬጋ የሚባሉት የኦሃካ ቦታዎች በዚህ ይታወቃሉ። ማሰሮው ትንሽ ነው፣ ይሰበራል፣ በአንድ ጊዜ የሚወጣው ጥቂት ነው። ስለዚህ ተክሉ ያው ኤስፓዲን ሆኖ እንኳ ዋጋው ከፍ ይላል። ከኮክቴል ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። በርከት ያለ ገንዘብ አውጥቶ ሎሚ መጭመቅ ያሳዝናል።

### የዱር አጋቬ

ቶባላ፣ ቴፔስታቴ፣ ኩዊሼ። ቶባላ ጣፋጭና አበባ አበባ የሚል ነው። ቴፔስታቴ ቅጠላ ቅጠልና አረንጓዴ ቃሪያ ያስታውሳል። ኩዊሼ ደረቅ ነው፣ የእንጨት ጠረን አለው። ከኦሃካ ውጪም የገሬሮና የሚቾአካኑ ኩፕሬያታ፣ የዱራንጎው ሴኒሶ አሉ። ሳን ሉዊስ ፖቶሲ ውስጥ ሳልሚያና የሚባለውን ብዙ ጊዜ ከመሬት በላይ ባለ ምድጃ በእንፋሎት ያበስሉታል። ጭስ ስለሚቀንስ፣ "ጭሱን አልወደውም" የሚል ሰው ሜዝካልን ከመተው ይህን ቢሞክር ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። አጋቬ የሚያብበው በዕድሜው አንዴ ነው፣ ከዚያ ይሞታል። ለሜዝካል ደግሞ ከማበቡ በፊት ይቆረጣል። የተቆረጠው ዘር አልጣለም፣ አበባውን የሚቀስሙት የሌሊት ወፎችም ምግብ አጡ። ኤስፓዲን ከሥሩ ቡቃያ ስለሚያወጣ በቀላሉ ይተካል። ቶባላ ግን የሚራባው በዘር ነው። ፍላጎቱ ሲጨምር ተራራው ተራቆተ። አሁን ችግኝ አፍልተው የሚተክሉ አሉ። ጽሑፉ ላይ "ሲልቬስትሬ" ካለ የዱር፣ "ኩልቲቫዶ" ካለ የተተከለ ማለት ነው። እኔ የተተከለውን ቶባላ ብመርጥ ምንም አይጎድልብኝም።

### ፔቹጋ፣ የድግሱ ሜዝካል

ይህን ሳያብራሩ ማለፍ አይቻልም። ሁለቴ የወጣው አረቄ ተመልሶ ይጣድና ሦስተኛ ይወጣል። በዚህ ዙር ፖም፣ ጓቫ፣ ፕለም፣ ሙዝ፣ ለውዝ፣ ቅመም፣ አንዳንዴም ሩዝ ይገባበታል። ከላይ፣ እንፋሎቱ በሚያልፍበት ቦታ፣ የዶሮ ወይም የተርኪ የደረት ሥጋ በጥሬው ይንጠለጠላል። በጥንቸል የሚሠሩም አሉ። ሥጋ ሥጋ ይላል ብላችሁ እንዳትሰጉ። ምላስ ላይ የሚቀረው ፍራፍሬና ቅመም ነው፣ አረቄውም ወፈር ብሎ ይወርዳል።

ሰው ይህን ሁሉ የሚለፋው ለድግስ ነው። ፔቹጋ በተለምዶ ለሠርግ፣ ለክርስትና፣ ለመንደሩ ጠባቂ ቅዱስ በዓል ይሠራል። ፍራፍሬው የሚደርስበት የዓመቱ መጨረሻም ወቅቱ ነው። ሱቅ ውስጥ ዓመቱን ሙሉ ተደርድሮ ስታዩት ይህ ነገር ይረሳል።

የኦሃካን ሠርግ አስቡ። ካሌንዳ የሚባል ሰልፍ አለ። የነሐስ ባንድ ከፊት ይነፋል፣ ሰው የሚሸከማቸው ግዙፍ አሻንጉሊቶች ይጨፍራሉ፣ ሴቶች በአበባ የተሞላ ቅርጫት ተሸክመው ይሽከረከራሉ። ለእንግዳው በጥብጣብ አንገት ላይ የሚንጠለጠል ትንሽ የሸክላ ኩባያ ይታደላል። ሜዝካሉ በየመንገዱ ይቀዳል። ከመጠጣቱ በፊት ጥቂት ጠብታ ለመሬት የሚያፈስም አለ። በዚያ አገር "ለክፉውም ሜዝካል፣ ለደጉም እንዲሁ" ይባላል፤ ለቅሶ ቤትም አይቀርም ማለት ነው። በጥቅምት ማብቂያ ገደማ፣ በፈረንጆቹ ኖቬምበር 1 እና 2፣ የሙታን ቀን ሲከበር ሟቹ ይወደው የነበረ ሜዝካል ከዳቦውና ከአበባው ጋር በመታሰቢያው ጠረጴዛ ላይ ይቀመጣል።

ጌላጌትሳ የሚሉት ልማድም አለ። ለደጋሽ ቤተሰብ ዘመድ ጎረቤቱ ተርኪ፣ በቆሎ፣ ሜዝካል ያመጣለታል። ማን ምን እንዳመጣ በደብተር ይጻፋል። ያመጣው ሰው በተራው ሲደግስ ያንኑ ያህል ይመለስለታል። በዚሁ ስም የሚጠራው ትልቁ የጭፈራ በዓል ደግሞ በኦሃካ ከተማ፣ ከጁላይ 16 በኋላ ባሉት ሁለት ሰኞዎች ይደረጋል። በዚያ ወር የሜዝካል ትርኢትም ስላለ ለመቅመስ የሚሄድ ሰው ወቅቱ ይህ ነው። የሆቴል ዋጋ ግን አይቀመስም።

ስለዚህ ፔቹጋ ለስጦታና ለክብር ቀን ነው። አንድ ማሳሰቢያ፦ ለጾመኛ እንግዳ አትቅዱት፣ ዶሮ ነክቶታል። አረቄ ራሱ በጾም ይጠጣል አይጠጣም የሚለውን ክርክር ለእናንተው ትቻለሁ። ሥጋ ያልገባበት፣ በፍራፍሬ ብቻ የተሠራም ስለሚሸጥ ጽሑፉን አንብቡ።

### በርሜል ውስጥ የከረመ

ሬፖሳዶ ከሆነ ከ2 እስከ 12 ወር፣ አኜሆ ከሆነ ከ12 ወር በላይ በእንጨት ውስጥ ቆይቷል። ውስኪ ለለመደ ሰው ይቀለዋል። እንጨቱ ግን የአጋቬውን ድምፅ ይሸፍነዋል። የማርጀት ጣዕም ካማራችሁ "ማዱራዶ ኤን ቪድሪዮ" የሚለውን ፈልጉ። በብርጭቆ ውስጥ ቢያንስ 12 ወር የቆየ ነው። ይለሰልሳል፣ ጣዕሙን ግን አይቀይርም።

### ትል ያለበት

ትሉ ጠርሙስ ውስጥ የገባው በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ ነው፣ ለገበያ ተብሎ። ጥንታዊ ባህል አይደለም። መርዝ አይደለም፣ ቅዠትም አያመጣም። ከልብ የሚሠሩ ባለሙያዎች አብዛኞቹ አይጨምሩትም። የአጋቬ ትል ትክክለኛ ቦታው ሳህን ላይ ነው። ደርቆ ከጨውና ከሚጥሚጣ መሰል በርበሬ ጋር ይፈጭና በብርቱካን ላይ ይነሰነሳል።

### ሜዝካል ያልተባሉት

ራይሲያ የሃሊስኮ ነው፣ ባካኖራ የሶኖራ። ሁለቱም ከአጋቬ የሚወጡ ሆነው የራሳቸው ስያሜ አላቸው። ባካኖራ ለብዙ አሥርት ዓመታት ተከልክሎ የኖረ መጠጥ ነው። ሶቶል ግን ከአጋቬ አይደለም፣ ከሌላ የበረሃ ተክል ነው። ከእነዚህ ይልቅ ለገዢ የሚጠቅመው "ዴስቲላዶ ዴ አጋቬ" የሚለውን ጽሑፍ ማወቅ ነው። የምስክር ወረቀቱ ወጪ ከብዷቸው ወይም ደንቡ አልመቻቸው ብሎ "ሜዝካል" የሚለውን ስም የተዉ ጎበዝ ባለሙያዎች አሉ። የባለሙያው ስም፣ መንደሩና ተክሉ በግልጽ ከተጻፈ አትፍሩት። ስም በሌለው የፕላስቲክ ጀሪካን የሚሸጠውን ግን የሚያውቁት ሰው ካልሠራው ተዉት።

## በአንድ እይታ

ዋጋው በአሜሪካ ሱቆች ለ750 ሚሊ ሊትር ጠርሙስ ብዙ ጊዜ የሚታየው ግምት ነው። በአውሮፓ ታክሱ ይለውጠዋል።

| አማራጭ | ጣዕሙ | ዋጋ ገደማ (ዶላር) | የሚሆነው ለ | የማይሆነው ለ |
|---|---|---|---|---|
| ኤስፓዲን አርቴሳናል | ጣፋጭ፣ ጭሱ መካከለኛ | 40–60 | ጀማሪ፣ ብዙ እንግዳ፣ ኮክቴል | ብርቅ ነገር ለሚፈልግ |
| አንሴስትራል | አፈር አፈር፣ ለስላሳ | 90 እና በላይ | ቀስ ብሎ ለሚቀምስ | ኮክቴል |
| የዱር አጋቬ | እንደ ተክሉ ይለያያል | 80–150 | ኤስፓዲንን ለጠገበ | ለትልቅ ድግስ |
| ፔቹጋ | ፍራፍሬ፣ ቅመም | 80–200 | ስጦታ፣ ሠርግ | ለጾመኛ፣ ኮክቴል |
| ሬፖሳዶ፣ አኜሆ | እንጨት፣ ቫኒላ | 50–90 | ውስኪ ወዳጅ | አጋቬውን ማወቅ ለሚሻ |
| ትል ያለበት | ሹል፣ ጭሱ የበዛ | 20–40 | ለወሬ | ለመጠጣት |

## እንደ ኪሳችሁና እንደ ሐሳባችሁ

ከ40 ዶላር በታች ከሆነ በጀቱ፣ ሜዝካል ባትገዙ ይሻላል። በዚያ ገንዘብ መቶ በመቶ አጋቬ የሆነ ጥሩ ቴኪላ ታገኛላችሁ። በዚህ ዋጋ ሜዝካል እያለ የሚሸጠው ብዙው የፋብሪካው ደረጃ ነው።

ከ40 እስከ 60 ዶላር ካላችሁ፣ ኤስፓዲን አርቴሳናል፣ 45 በመቶ ገደማ፣ የመንደር ስም ያለበት። ሌላ አትመልከቱ።

ለ100 ዶላር አንድ ጠርሙስ ወይስ ሁለት? ለራሳችሁ ከሆነ ሁለት ኤስፓዲን ከተለያየ መንደር ግዙና ጎን ለጎን ቅመሷቸው። አንድ ውድ ቴፔስታቴ ከመጠጣት የበለጠ ትማራላችሁ። ለስጦታ ከሆነ አንድ ፔቹጋ።

ለሠርግ ወይም ለልደት ብዙ ሰው ከጠራችሁ፣ ኤስፓዲኑን ለሁሉም ቅዱ። አንድ ፔቹጋ ደግሞ ለሙሽሮቹና ለሽማግሌዎች ጠረጴዛ አስቀምጡ። ብዙ ጊዜ ሰው ውዱን ለሁሉም ያዘጋጅና በሁለት ሰዓት ያልቅበታል።

ኮክቴል ለሚደባልቅ፣ ከኤስፓዲን አትውጡ። አንዳንድ ቡና ቤቶች ቴኪላና ሜዝካል እኩል ይቀላቅላሉ። ጭሱ እንዳይጫን ጥሩ መላ ነው።

ኦሃካ ድረስ ለሚሄድ፣ መንደር ውስጥ ካለ ፓሌንኬ ቀምሳችሁ ግዙ። የአየር መንገዱንና የምትገቡበትን አገር የመጠጥ ደንብ አስቀድማችሁ እዩ። አልኮል ጭራሽ በተከለከለባት በኩዌት ላለ ወዳጅ ይዛችሁ ልትሄዱ ካሰባችሁ ግን ተዉት፣ የተፈጨውን የትል ጨው ውሰዱለት።

## ቤት ከገባ በኋላ

ሜዝካል አይጨለጥም፣ ፉት ይባላል። በረዶ አትጨምሩበት። ትንሽ፣ አፉ ሰፊ ኩባያ ወይም ቅል ይስማማዋል። በኦሃካ ታቹ ላይ መስቀል የተቀረጸበት፣ በፊት የሻማ መያዣ የነበረ ትንሽ ብርጭቆም ይጠቀማሉ። መጀመሪያ ጥቂት አፍ ውስጥ አዙሩና ዋጡ፣ አቃጠለኝ ብላችሁ አትፍረዱበት። ጣዕሙ የሚመጣው በሁለተኛው ፉት ነው። ብርቱካኑና የትል ጨው ለኤስፓዲን ይሁኑ። ለዱሩ አጋቬና ለፔቹጋ ማጀቢያ አያስፈልግም።

ጠርሙሱን አቁሙት እንጂ አታጋድሙት፣ ቡሹ በጠንካራ አልኮል ይበላል። ከፀሐይ አርቁት። ከግማሽ በታች ሲወርድ ጠረኑ ቀስ እያለ ስለሚበን፣ ወደ ትንሽ ጠርሙስ ገልብጡት ወይም እንግዳ ጥሩበት።